ከማስትሮያኒ ፊልሞች በየትኛው ልጀምር? የስምንት ፊልሞች ንጽጽር

ጣሊያናዊውን የፊልም ተዋናይ ማርቼሎ ማስትሮያኒን ለማየት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «ላ ዶልቼ ቪታን እይ።» ፊልሙ ታላቅ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ርዝመቱ ለሦስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ የቀረው ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጎትት አንድ ታሪክ የለውም፤ ሁሉም በፎቶ የሚያውቀው የትሬቪ ፏፏቴ ትዕይንትም ገና በመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ ያልፋል። እሱን ጠብቆ የተቀመጠ ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቅ ግራ ይገባዋል፤ ይሰለችና ያቋርጠዋል፤ ከተዋናዩም ጋር ሳይተዋወቅ ይቀራል።

ሁለተኛው እንቅፋት የወጣለት ስም ነው። ጋዜጦች ሴቶች የሚሸነፉለት ወንድ አድርገው ሣሉት። እሱ ራሱ ይህን ስም አይወደውም ነበር፤ ሥራዎቹም አይመሰክሩለትም። ጎልተው የወጡት ሚናዎቹ የተሳናቸው ሰዎች ናቸው፦ ቁም ነገር መጻፍ ያቃተው ጋዜጠኛ፣ ፊልም መሥራት ያቃተው ዳይሬክተር፣ ሚስቱን መፍታት ያልቻለ ባሮን፣ ከሥራው ተባርሮ ግዞት የሚጠብቅ የሬዲዮ አቅራቢ። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው «የትኛው ላይ ያምራል?» በሚል አይደለም። የሰውን ድካም የቱ ላይ አጥርቶ አሳየ፣ ያንን ለማየትስ ከተመልካቹ ምን ይጠየቃል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመድረክ የመጣ ሰው መሆኑ

ምርጫውን የሚያቀልለት የሕይወት ታሪኩ ነውና ባጭሩ እንየው። ማስትሮያኒ በ1924 በላዚዮ ክልል ፎንታና ሊሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአናጺ አባት ተወለደ። ያደገው በቶሪኖና በሮም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ካዋሉበት የጉልበት ሥራ አምልጦ ቬኒስ ውስጥ ተደብቆ ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ በአንድ የፊልም ድርጅት የሂሳብ ክፍል እየሠራ በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ቡድን ይጫወት ጀመር። በ1948 የቴአትርና የፊልም ዳይሬክተሩ ሉኪኖ ቪስኮንቲ ወደ ራሱ የቴአትር ኩባንያ ወሰደው።

እዚያ ያገኘው ትምህርት ቀላል አልነበረም። በአሜሪካዊው ቴነሲ ዊሊያምስ ድራማ (ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር) በ1949 ቪቶሪዮ ጋስማን ዋናውን የወንድ ሚና ስታንሊን ሲጫወት እሱ ዓይን አፋሩን ሚችን ያዘ፤ በ1951 ድራማው እንደገና ሲቀርብ ስታንሊ ለእሱ ደረሰው። የአርተር ሚለርንና የጎልዶኒን ተውኔቶች ተጫወተ። ከሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት ቼኾቭ ደግሞ በ1952 በ«ሦስቱ እህትማማቾች» ሶልዮኒን፣ በ1955 በ«አጎቴ ቫንያ» ዶክተር አስትሮቭን ሆነ። ቼኾቭን የተጫወተ ተዋናይ አንድ ነገር ይማራል፦ ዋናው ነገር ሌላው ሰው ሲናገር በአድማጩ ፊት ላይ የሚሆነው ነው። ማስትሮያኒ በፊልም ላይ ከሁሉ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ካሜራውም ከእሱ ላይ መነሣት ያቅተዋል።

ያን ዘመን የመድረክ ሥራውን ዛሬ እንደ ፊልም ከፍቶ ማየት አይቻልም። ቴአትረኛውን ማስትሮያኒን የሚፈልግ ሰው ከፊልሞቹ ውስጥ ለይቶ ማውጣት አለበት፤ ከታች ሁለቱን ፊልሞች ለዚህ ብለን መርጠናል። መድረክን ጨርሶ አልተወም፦ በ1966 ሮም ውስጥ ድምፅ አልባ ፊልሞች ኮከብ ስለነበረው ሩዶልፍ ቫለንቲኖ በተሠራ የሙዚቃ ቴአትር ላይ ዘፈነ፣ ጨፈረም። በመጨረሻው ዓመቱም ታሞ ሳለ የአንድ ሽማግሌን ሚና ይዞ መድረክ ላይ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን 1996 ፓሪስ ውስጥ በቆሽት ካንሰር ሲያርፍ ሮም የትሬቪ ፏፏቴን ውኃ ዘግታ ጥቁር ጨርቅ አለበሰችው።

መለኪያዎቹ

ከ140 በላይ ፊልሞች ካሉት ተዋናይ ስምንት ስንመርጥ አምስት ነገሮችን አይተናል።

አንደኛ፣ ፊልሙ በእሱ ላይ ይቆማል ወይስ እሱ ከብዙዎች አንዱ ነው? ብዙ ጥሩ ፊልሞች ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ሰው ነው፤ እነዚያ ለመተዋወቂያ አይሆኑም።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥት። ርዝመቱ ብቻውን አይለካውም። ታሪኩ የተያያዘ ሁለት ሰዓት ታሪክ ከሌለው አንድ ሰዓት ተኩል ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ቅድመ እውቀት። አንዳንዱ የጣሊያንን ሕግ፣ አንዳንዱ የፋሺስት ዘመንን፣ አንዳንዱ የዳይሬክተሩን ሌሎች ፊልሞች ማወቅ ይጠይቃል።

አራተኛ፣ ድምፁ። የማስትሮያኒ ድምፅ ለስላሳ፣ ትንሽ የደከመ፣ ለመቆጣት የማይቸኩል ነው። በእንግሊዝኛ ድምፅ በተተካ ቅጂ ያየ ሰው ግማሹን ተዋናይ ብቻ ነው ያየው። ቃላት የሚበዙበት ፊልም ላይ ጉዳቱ ይብሳል።

አምስተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚታይ። ከቤተሰብ ጋር ሳሎን ውስጥ የሚከፈተውና ለብቻ የሚታየው አንድ አይደለም።

ሽልማትን ከመለኪያ አውጥተነዋል። ማስትሮያኒ ለኦስካር በዋና ተዋናይነት ሦስት ጊዜ ታጭቶ አንዴም አላገኘም፤ በካን በ1970 እና በ1987 ሁለት ጊዜ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል። ክብር ነው፤ ግን ጀማሪ በየትኛው ይጀምር ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ልዩ ቀን (ኡና ጆርናታ ፓርቲኮላሬ)፣ 1977

አንድ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ይይ። ኤቶሬ ስኮላ ያዘጋጀው ሲሆን ታሪኩ በአንድ ቀን ያልቃል፦ ግንቦት 1938፣ ሂትለር ሮምን ሲጎበኝ። በአንድ ግዙፍ የመኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሰልፉ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። አንዷ ስድስት ልጆች ያሏት፣ በሥራ የዛለች የቤት እመቤት አንቶኒየታ ናት፤ ሶፊያ ሎረን ያለ ጌጥ ያለ ኩል ትጫወታታለች። ሌላው ከግቢው ማዶ ያለው ጎረቤት ገብርኤሌ ነው። ገብርኤሌ የመንግሥት ሬዲዮ አቅራቢ ነበር፤ ግብረ ሰዶማዊ ነህ ተብሎ ተባሯል፤ ያንኑ ቀን መጥተው ወደ ሳርዲኒያ ግዞት ይወስዱታል። የሚያገናኛቸው ከጎጆዋ ያመለጠች የአንቶኒየታ ወፍ ናት።

ያ ዘመን ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በግንቦት 1936 ነው፤ ወዲያውም ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሦስተኛው «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ በላዩ ደረበ። ሂትለርን ሮም ላይ የተቀበለው እሱ ነው። አርበኞቻችን በዱር በገደል እየተዋጉ ሳለ እዚያ ያለው ተራ ቤተሰብ ምን ያስብ እንደነበር፣ አንዲት ደግ ሴት የሙሶሊኒን ፎቶዎች እየቆረጠች በአልበም እስክትሰበስብ ድረስ እንዴት እንደታወረች ይህ ፊልም ከወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ ያሳያል። የኛን ታሪክ ለሚያውቅ ተመልካች ከግቢው ሬዲዮ የማይቋረጠው የሰልፍ ጩኸት ሌላ ክብደት አለው።

አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። ገብርኤሌ አንቶኒየታ ቤት ገብቶ በእጅ መፍጫ ቡና ይፈጫል። እሷ ሮጣ ፀጉሯን ለማበጃጀት ትሞክራለች፤ እሱ አይቷት እንዳላየ ይሆናል። ያወራል፣ ይቀልዳል፣ እጁ ይሠራል፣ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ማታ የሚመጡትን ሰዎች ያስባል። በኋላ ጣሪያው ላይ ከተሰጣው ልብስ መሀል እውነቱን ሲናገር የሚወጣው ድምፅ እስከዚያ ድረስ ታፍኖ የነበረውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ይህ የመድረክ ትምህርት ነው፦ አንድ ሰዓት ሙሉ አፍኖ አንዴ መልቀቅ።

ከመለኪያዎቹ አንጻር፦ ርዝመቱ 106 ደቂቃ ነው፣ ታሪኩ የተያያዘ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ግራ አያጋባም። አንድ ችግር አለው። ሲጀምር በርካታ ደቂቃ የሚወስድ የዘመኑ እውነተኛ የዜና ፊልም ያሳያል፤ ብዙ ሰው የተሳሳተ ፋይል የከፈተ መስሎት ያልፈዋል። አትለፉት፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮው የሚያወራው ስለዚያው ነው። ቀለሙም ሆን ተብሎ የደበዘዘ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። የቴሌቪዥናችሁን የቀለም መጠን ከፍ ብታደርጉ የምታበላሹት ዳይሬክተሩ የፈለገውን ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ለአዋቂዎች የሚሆን ነው፤ የሚያሳፍር ረጅም ትዕይንት ግን የለውም።

ፍቺ በጣሊያን ወግ (ዲቮርዚዮ አላልኢታሊያና)፣ 1961

መሳቅ የሚፈልግ በዚህ ይጀምር። የፒየትሮ ጄርሚ ሥራ ነው። ሲሲሊ ውስጥ ባሮን ፌርዲናንዶ ቼፋሉ ሚስቱ ሰልችታዋለች፤ የአጎቱን ልጅ አንጀላን ወዷል። መፋታት ግን አይቻልም።

እዚህ ሕጉን ማወቅ የግድ ነው፤ ያለሱ ቀልዱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጣሊያን ውስጥ ፍቺ የተፈቀደው በ1970 መጨረሻ ነው። በሌላ በኩል የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 587 ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ይዞ፣ ክብሩ ተነክቶ በንዴት የገደለን ባል ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ያሳስረው ነበር። አንቀጹ የተሰረዘው በ1981 ነው። ባሮኑ ስሌቱን ይሠራል፦ ፍቺ ከሌለ ሚስቴ ትወስልትብኝ፤ ከዚያ እገድላታለሁ፤ ጥቂት ዓመት ታስሬ እወጣለሁ። ለዚህም ፍቅረኛ ይፈልግላታል፣ ድምፅ መቅጃ ይደብቃል፣ ጠበቃው ፍርድ ቤት የሚናገረውን ንግግር በሐሳቡ ያዘጋጃል።

የማስትሮያኒን ሥራ ለማየት ሦስት ነገር ተከታተሉ፦ በቅባት የተለጠፈውን ፀጉሩን፣ ግማሽ የተከደኑ ዓይኖቹን፣ ከሁሉ በላይ የአፉን ጥግ። ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት የከንፈሩ ጫፍ ቲክ ይላል። ፊት የሚያጣምም ተዋናይ ብዙ ነው፤ ይህ ግን አንዲት ጡንቻ ብቻ አንቀሳቅሶ የአንድ ባላባት ቤት መበስበስን ያሳያል። ኦስካር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳጨውም ይኸው ሚና ነው፤ ፊልሙ የድርሰት ሽልማቱን ወሰደ።

ከ105 ደቂቃ አይበልጥም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ንግግሩ ፈጣን ነው፤ የባሮኑ ትረካም ይደረብበታል፤ ሰብታይትል በፍጥነት ማንበብ የሚከብደው ሰው ይደክማል። ሌላ ማስታወሻ፦ የከተማው ሰው ሁሉ ሲኒማ ቤት ሄዶ የሚያየው ፊልም ላ ዶልቼ ቪታ ነው። እሱን አስቀድሞ ያየ ሰው እዚያ ጋ የሚስቅበት ነገር አለው፤ ያላየም የሚያጣው ትልቅ ነገር የለም።

ነጭ ሌሊቶች (ሌ ኖቲ ቢያንኬ)፣ 1957

ቴአትር ለሚወድ። ቪስኮንቲ የመድረክ ልጁን ይዞ የዶስቶዬቭስኪን አጭር ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለውጥ ወደ ውጭ አልወጣም፤ የሊቮርኖን ከተማ ሰፈሮች ከነድልድያቸው ቺኔቺታ ስቱዲዮ ውስጥ አስገነባ። ስለዚህ ሁሉም ነገር የመድረክ ብርሃን አለው፦ ጭጋጉ፣ በረዶው፣ የመንገዱ መብራት። ማስትሮያኒ ማሪዮ የተባለ ብቸኛ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ድልድይ ላይ የምታለቅስ ሴት አግኝቶ ለሌላ ሰው ያላትን ናፍቆት ያዳምጣል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብ እንደሚሰብር የተወራለት ተዋናይ እዚህ ጭፈራ ቤት ውስጥ መጨፈር አቅቶት ሲወላከፍ ታያላችሁ፤ ከተናገረው ሁሉ ያ ውዝዋዜ ይበልጣል። 100 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀስ ይላል፤ የሚቸኩል ሰው አይወደውም። ከቤተሰብ ጋር ለማየት ግን ከስምንቱ የተሻለው ይህ ነው።

ጓዶቹ (ኢ ኮምፓኒ)፣ 1963

የማሪዮ ሞኒቼሊ ፊልም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶሪኖ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች በቀን 14 ሰዓት ይሠራሉ። በቀኑ መጨረሻ አንዱ ከድካም የተነሣ እጁን ማሽን ይበላዋል፤ ሌሎቹ አንድ ሰዓት ይቀነስልን ብለው ይነሣሉ። ማስትሮያኒ ፖሊስ የሚፈልገው፣ ጫማው የተቀደደ፣ ሁልጊዜ የሚርበው መምህር ሲኒጋልያ ነው። ጢሙና መነጽሩ እስኪለመድ ድረስ እሱ መሆኑን የሚጠራጠር አለ። ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ብዙውን ጊዜም ሕዝቡ ይበልጠዋል፤ በመጀመሪያው መለኪያ ዝቅ ያደረግነው ለዚህ ነው። የፖለቲካ ታሪክ ለሚወድ፣ የሠራተኛ ማኅበር እንዴት ከፍርሃትና ከረሃብ እንደሚወለድ ማየት ለሚፈልግ ግን አንደኛ ምርጫው ይሁን። ቀልዱና ሐዘኑ አይለያዩም። 130 ደቂቃ ገደማ፣ ጥቁርና ነጭ።

ላ ዶልቼ ቪታ፣ 1960

የፌዴሪኮ ፌሊኒ 174 ደቂቃ። ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ፖል ኒውማንን ፈልጎ ነበር፤ ፌሊኒ ግን ማስትሮያኒ ካልሆነ አለ። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ ማዕከሉ ላይ ያለው ሰው ጀግና እንዳይመስል አስፈልጎ ነበር።

የሚከብደው እንደ ልብ ወለድ ሲታይ ነው። ነጠላ ሌሊቶችና ንጋቶች ተደርድረው የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱን ለብቻው ማየት ያዋጣል። ሄሊኮፕተሩ የክርስቶስን ሐውልት ተሸክሞ በሮም ላይ ሲያልፍ፣ አኒታ ኤክበርግ ፏፏቴው ውስጥ ስትገባ፣ ሁለት ሕፃናት ማርያምን አየን ብለው ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ የጋዜጠኛው አባት ከገጠር መጥቶ አንድ ምሽት ሲያድር፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው ሙሉ ታሪክ ናቸው። በሁለት ምሽት ከፍሎ ማየት ነውር የለውም። የአባትየውን ክፍል ግን አትዝለሉ፤ በፎቶ የማይታወቀው ምርጡ የማስትሮያኒ ሥራ እዚያ ነው። ልጁ አባቱን በደንብ እንደማያውቀው የሚገባው በዚያች ሌሊት ነው፤ «ትንሽ ቆይ» ብሎ ሲለምነው ድምፁ የልጅ ድምፅ ይሆናል።

ስለ ፏፏቴው አንድ እውነት፦ የተቀረጸው በብርድ ወቅት ነው። ኤክበርግ በቀሚሷ ለረጅም ጊዜ ስትቆም ማስትሮያኒ ከሱፉ ስር የጠላቂ ልብስ ለብሶ ነበር፤ እሱም አልበቃው ብሎ ቮድካ ይጠጣ ነበር።

ስምንት ተኩል (ኦቶ ኤ ሜዞ)፣ 1963

በዚህ አትጀምሩ። የፌሊኒ ታላቅ ሥራ መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ፣ እኛም አንክድም፤ ግን ሕልምና እውን ያለ ምልክት ይቀላቀላሉ፤ ጀማሪ «አሁን ይህ ሕልም ነው ወይስ የሆነ ነገር?» እያለ ሲለይ ተዋናዩን ያጣዋል። ማስትሮያኒ ጉይዶ የተባለ ዳይሬክተር ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ግዙፉ የሮኬት ማማ ተሠርቷል፣ ተዋናዮች ይጠብቃሉ፣ እሱ ግን የሚቀርጸው ታሪክ የለውም። ሁሉም ይጠይቀዋል፣ እሱ ይሸሻል፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ ፈገግ ይልና ያልፋል። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ፊልሞቹን ያየ ሰው ያንን ፈገግታ ማንበብ ይችላል። 138 ደቂቃ ነው። ፊልም መሥራት ለሚማሩ፣ ለሚጽፉ፣ ሥራ ጀምረው ለቆመባቸው ሰዎች ግን እንደዚህ የሚናገር ሌላ ፊልም ማግኘት ይከብዳል።

ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ (ዬሪ፣ ኦጂ፣ ዶማኒ)፣ 1963

የቪቶሪዮ ዴ ሲካ ሦስት አጫጭር ታሪኮች፤ ከሶፊያ ሎረን ጋር በናፖሊ፣ በሚላኖና በሮም። የናፖሊው ድንቅ ነው፦ ኮንትሮባንድ ሲጋራ የምትሸጥ ሴት እርጉዝ ከሆነች ስለማትታሰር ባሏ በየዓመቱ ሊያስረግዛት ይገደዳል፤ ሰውየው ከልጅ ብዛት የተነሣ ሲመነምን ማስትሮያኒ ያሳየናል። የሚላኖው ደካማ ነው፤ መዝለል ይቻላል። የሮሙ ለአዋቂ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ይሞላል፤ ሦስት ቦታ ስለሚቆራረጥ ጊዜ ለሌለው ሰው ይመቻል።

ጥቁር ዓይኖች (ኦቺ ቾርኒዬ)፣ 1987

የሽምግልናው ሥራ። ሩሲያዊው ኒኪታ ሚኻልኮቭ ከቼኾቭ ታሪኮች አውጣጥቶ ሠራው። ሮማኖ የሚባል ሰው መርከብ ላይ ለማያውቀው መንገደኛ ሕይወቱን ይተርካል፦ ሀብታም ሚስት፣ ሰነፍ ኑሮ፣ አንዲት ሩሲያዊት ሴት፣ እሷን ለማግኘት የማይሰበር መስታወት ናሙና ይዞ ቢሮ ለቢሮ የዞረበት ጉዞ። በነጭ ሱፍ ጭቃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የሴትየዋን ባርኔጣ ሲያወጣ የ1955ቱ አስትሮቭ ትዝ ይላል፤ ቼኾቭን በመድረክ የጀመረ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ በካሜራ ፊት ጨረሰው። ካን ላይ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አስገኝቶለታል። ወደ 118 ደቂቃ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ይረዝማል።

በአንድ ሰንጠረዥ

| ፊልም | ዓመት | ደቂቃ (ገደማ) | ምስል | እሱ ምን ያህል ማዕከል ነው | ለጀማሪ | ከቤተሰብ ጋር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ልዩ ቀን | 1977 | 106 | የደበዘዘ ቀለም | በጣም | አዎ፣ የመጀመሪያ ምርጫ | ከአዋቂ ልጆች ጋር |
| ፍቺ በጣሊያን ወግ | 1961 | 105 | ጥቁርና ነጭ | በጣም | አዎ፣ ሕጉን ካወቁ | ከአዋቂ ልጆች ጋር |
| ነጭ ሌሊቶች | 1957 | 100 | ጥቁርና ነጭ | በጣም | ትዕግሥት ካለ | አዎ |
| ጓዶቹ | 1963 | 130 | ጥቁርና ነጭ | በከፊል | ታሪክ ለሚወድ | አዎ፣ ከፍ ላሉ ልጆች |
| ላ ዶልቼ ቪታ | 1960 | 174 | ጥቁርና ነጭ | በጣም | ሦስተኛ ወይም አራተኛ | አይመከርም |
| ስምንት ተኩል | 1963 | 138 | ጥቁርና ነጭ | በጣም | አይደለም | አይመከርም |
| ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ | 1963 | 119 | ቀለም | ከሎረን እኩል | የናፖሊው ክፍል ብቻ | አይ |
| ጥቁር ዓይኖች | 1987 | 118 | ቀለም | በጣም | መካከለኛ | አዎ |

እንደየፍላጎቱ

አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው «ልዩ ቀን»ን ይይና ይብቃው። ሙሉ ፊልም ለማየት ጊዜ የሌለው የ«ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ»ን የናፖሊ ታሪክ ይክፈት። ጥቁርና ነጭ ምስል የሚከብደው በ«ልዩ ቀን» ጀምሮ በ«ጥቁር ዓይኖች» ይቀጥል፤ ዓይኑ ከለመደ በኋላ ወደ «ፍቺ» ይመለስ።

የትወና ተማሪዎች ሁለት ፊልም ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ብዙ ይማራሉ፦ «ነጭ ሌሊቶች» እና «ልዩ ቀን»። በመካከላቸው 20 ዓመት አለ፤ ሁለቱም ሁለት ሰው የሚያወራባቸው፣ በጠባብ ቦታ የሚፈጸሙ ናቸው። ወጣቱ ማሪዮ ሲያዳምጥ ሰውነቱ በሙሉ ወደ ሴቲቱ ያዘነብላል፤ ጎልማሳው ገብርኤሌ ሲያዳምጥ ሰውነቱ አይንቀሳቀስም። ድምፁን ዘግታችሁ አሥር አሥር ደቂቃ ብታዩ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል።

የፌሊኒን ሥራ ማወቅ የሚፈልግ ላ ዶልቼ ቪታን ከስምንት ተኩል ያስቀድም። ተገልብጦ ሲታይ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያደበዝዘዋል።

ቅጂ ሲመረጥ የሚበላሹ ነገሮች

ጥሩ ፊልም በመጥፎ ቅጂ ማየት ጥሩ ፊልም አለማየት ነው። አራት ነገር አረጋግጡ።

ድምፁ ጣሊያንኛ ይሁን። ከንፈርና ድምፅ ባይገጥም ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ የዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልሞች ድምፅ የሚቀረጸው ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ስለነበር፣ የውጭ አገር ተዋናዮችም በሌላ ሰው ጣሊያንኛ ስለሚናገሩ፣ በዋናው ቅጂ ላይም ትንሽ መዛነፍ አለ። ማስትሮያኒ እነዚህ ላይ የሚናገረው በራሱ ድምፅ ነው። በጀማሪነት ዘመኑ ግን የሌላ ሰው ድምፅ የተሰጠው ጊዜ አለ፤ በ1950 በሠራው አንድ ፊልም የሚሰማው የአልቤርቶ ሶርዲ ድምፅ ነው።

የምስሉ ስፋት አይቆረጥ። ላ ዶልቼ ቪታ የተቀረጸው ቁመቱ 1 ሲሆን ስፋቱ 2.35 ሆኖ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ቅጂ ካሬ መሳይ ሆኖ ስክሪኑን ከሞላ ከምስሉ ከመቶ አርባው ያህል ተቆርጧል። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያለው ትክክለኛው ነው።

ርዝመቱን ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዩ። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተሠሩ የድሮ ዲቪዲዎች በሰከንድ 24 የነበረውን ምስል በ25 ስለሚያጫውቱ ከመቶ 4 ያጥራሉ፤ ላ ዶልቼ ቪታ 167 ደቂቃ ሆኖ ብታገኙት ምንም አልተቆረጠም። 150 ከሆነ ግን ተቆርጧል።

ሰብታይትሉ ከዚሁ ፍጥነት ጋር ይያያዛል። በ24 ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል በ25 በሚሄደው ላይ ሲጫን መጀመሪያ ልክ ይመስላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይዘገያል። ማዘግየትና ማፍጠን ብቻ አያስተካክለውም፤ በቪኤልሲ የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የሰብታይትል ፍጥነት የሚለውን ወደ 1.04 ማድረግ ያስፈልጋል።

ዳታ ገዝቶ በኢንተርኔት ለሚያይ ሰው፦ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚወስድ ጥራት አንድ ሰዓት 900 ሜጋባይት ይበላል። «ልዩ ቀን» 1.6 ጊጋባይት፣ ላ ዶልቼ ቪታ 2.6 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ጥራቱን ከዚህ በጣም ዝቅ ማድረግ አይጠቅምም፤ ጥላ ውስጥ ያለው ፊት ወደ ጭቃ ይለወጣል፣ ማስትሮያኒም ብዙውን የሚጫወተው ጥላ ውስጥ ነው።

ስምንቱንም ለሚያይ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ ልዩ ቀን፣ ፍቺ በጣሊያን ወግ፣ ነጭ ሌሊቶች፣ ላ ዶልቼ ቪታ፣ ስምንት ተኩል፣ ጓዶቹ፣ ትናንት ዛሬ ነገ፣ ጥቁር ዓይኖች። ከዚያ በኋላ አና ማሪያ ታቶ በ1996 ፖርቱጋል ውስጥ የመጨረሻ ፊልሙን ሲሠራ አጠገቡ ሆና የቀረጸችውን ዘጋቢ ፊልም ፈልጉ፤ በ1997 ወጥቷል። እዚያ ራሱ ስለ አባቱ፣ ስለ ቪስኮንቲ ልምምዶች፣ ስለ ፌሊኒ ይናገራል። ረጅሙ ቅጂ ከሦስት ሰዓት ያልፋል፤ አጭርም አለው። መጨረሻ ላይ ያደረግነው ስለ ፊልሞቹ የሚናገረው እንዳየናቸው ቆጥሮ ስለሆነ ነው፤ አስቀድሞ ያየው ሰው ግማሹ ስም ብቻ ሆኖ ያልፈዋል።